ያልተመዘገበው የጳጉሜን ዝናብ

ይሁኔ የዝውውር ማመልከቻ መጻፍ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ማመልከቻው መጀመሪያ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ነበር። እያደር አጥሮ አሁን ሁለት መስመር ቀርቶታል፤ ምክንያቱን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ፣ ከዘበኛው ጀምሮ፣ በቃሉ ያውቀዋላ! ሚስቱ እማዋይሽ አንኮበር ናት። እናቷ አልጋ ላይ ሲውሉባት እሳቸውን ለማስታመም ሄዳ፣ እዚያው ትምህርት ቤት ተዛውራ ታስተምራለች። እሱ ደብረ ብርሃን በተከራያት አንድ ክፍል ውስጥ ሽሮ እያሳረረ ይኖራል። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ጧት የተነሣ ሰው ለምሳ የሚደርስበት አገር ነው። ግን መንገዱ አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ ነው። ክፍት በሆነ ቅዳሜ ይሄዳል፤ ዝግ በሆነ ቅዳሜ ስልክ ደውሎ "አለሁ" ይላል። ባልና ሚስት በ"አለሁ" ዘጠኝ ዓመት ይኖራሉ ወይ ብትሉኝ፣ እነዚህ ኖረዋል።

አለቆቹ በማመልከቻው ግርጌ የሚጽፉት መልስም ተለውጦ አያውቅም፤ "በሥራው ላይ ተተኪ ስለሌለ" ይላል። ተተኪ የታጣለት ሥራ አዛውንቱን ማስተዳደር ነው።

አዛውንቱ ሰው አይደለም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም የውጭ አገር አማካሪዎች አምጥተውት፣ ለሁለት ሳምንት አስተምረው፣ ፎቶ ተነሥተው የሄዱበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ስሙን ያወጣለት ይሁኔ ነው። ዝናብ ያጎርሱታል፣ ወንዝ ይናገራል። በየኮረብታው የተተከሉት መለኪያዎች የያዙትን የዝናብ መጠን፣ የመሬቱን ተዳፋት፣ አፈሩ ምን ያህል እንደሚጠጣ ይሰጡታል፤ እሱ ደግሞ የሰንበሌ ወንዝ በየቀኑ ስንት ውኃ እንደሚያወርድ ያሰላል። ድልድይ የሚሠራም ሆነ ወንዝ ዳር መንደር የሚመሠርት አዛውንቱን ሳያስጠይቅ አይጀምርም።

ታዲያ ጠባዩ ከባድ ነው። ቁጥር ሁሉ በተመደበለት ዓምድ ልክ መቀመጥ አለበት። አንዲት አኃዝ አንድ ቦታ ወደ ግራ ከሸሸች፣ ካፊያ የጣለበትን ቀን የጥፋት ውኃ ያደርገዋል። ሲሳሳት አይናገርም፤ ዝም ብሎ ያኮርፋል። የሚሠራውም በአንዲት ሆደ ሰፊ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ቋንቋውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው፣ አለቃው የነበሩት አቶ ፍቅረ ማርያም፣ ካረፉ ቆይተዋል። ሁለተኛው ይሁኔ ነው።

ሙያ ያለው ሰው ይከበራል ይላሉ። ይሁኔን ሙያው እጅ ከወርች አሰረው። በዓመት ፈቃዱ ሦስት ጊዜ ከመንገድ ተጠርቶ ተመልሷል። አንዴማ የእማዋይሽ አባት ተዝካር ላይ፣ ዳሱ ውስጥ ቁጭ እንዳለ ተደውሎለት፣ አዛውንቱ ስላኮረፈ ብቻ እህል ሳይቀምስ ተነሥቷል። ያን ቀን እማዋይሽ አልተቆጣችም፤ ሳህኑን ብቻ ከፊቱ አነሣች። እሱ ግን ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

በ2017 ግንቦት ላይ ህሊና መጣች። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች፣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ አዛውንቱን በአዲስ ቋንቋ እንደገና እንድትጽፈው ተቀጠረች። አዲሱ የክፍሉ ኃላፊ ሳምሶን ይሁኔን አስጠራና፣

"ጋሽ ይሁኔ፣ አንኮበር ላይ አንድ የውኃ ልኬት ሠራተኛ ቦታ ተከፍቷል" አለው። "እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ይዤልዎታለሁ። አዲሱ ፕሮግራም ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት ውጤት ያወጣ ዕለት ደብዳቤዎን እፈርማለሁ።"

ይሁኔ ለእማዋይሽ ደወለ። እሷም "እስኪ ይሁን" አለች። ቀድሞ መደሰት ከተወች ቆይታለች።

ሦስት ወር ሙሉ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሱ የአዛውንቱን ሆድ ዕቃ መስመር በመስመር ያስረዳል፣ እሷ በላፕቶፗ ትጽፋለች። ልጅቷ ፈጣን ናት፤ ሲገባት ትስቃለች፣ ሳይገባት ሲቀርም ትስቃለች።

"ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ሁሉን ነገር በስድስት ፊደል ብቻ የሚጠራው ለምንድን ነው?"

"በሱ ዘመን ፊደል ውድ ነበር፣ ልጄ።"

ይሁኔ እንደዚያ ክረምት ደስ ብሎት ሥራ ገብቶ አያውቅም። አንድ እስረኛ የእስር ቤቱን ግንብ በገዛ እጁ ድንጋይ በድንጋይ እንዲያፈርስ ቢፈቀድለት እንዴት ይሆናል? እንደዚያ ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን፣ ረቡዕ፣ ህሊና የአሮጌውንና የአዲሱን ውጤት በአንድ ስክሪን ላይ ደርባ ሣለችው። የአዛውንቱ መስመር ቀይ፣ የሷ ሰማያዊ ነው። የብዙ ዓመት የሰንበሌ ወንዝ ሲወጣ ሲወርድ፣ ሁለቱ መስመሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተኝተዋል። በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን ቀዩ ብቻውን ብድግ ይላል።

"ጋሼ፣ እዩትማ" አለች። "አዛውንቱ ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ ጳጉሜን ሦስት ላይ ዝናብ ይጨምራል። ጣርማ በር አጠገብ ያለችው ጣቢያ መዝገብ ላይ ዜሮ ነው ያለው። ከየት ነው የሚያመጣው?"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ይሁኔ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና "እስኪ ልየው" አላት።

የሚያየው ነገር አልነበረም። ራሱ የሠራው ነው።

በ1995 ወጣት ሳለ፣ የዝናብ መለኪያ ሊጠግን ጣርማ በር ሳይደረስ ወደ ቀኝ ከፍ ብላ ወደተቀመጠች አጥቢያ ሄደ። መለኪያው ከብት እንዳያፈርሰው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ በቋሚ ብረት ላይ ተተክሏል። ንባቡን የሚመዘግቡት ቄስ ሰይፈሥላሴ ናቸው። ቄሱ በየጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ካለፈው ጧት ጀምሮ የተጠራቀመውን ውኃ በመስፈሪያው ብርጭቆ ለክተው ይጽፋሉ። አንድ ቀን አሳልፈው አያውቁም። ይሁኔ የደረሰው ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። ዝናቡ ይወርዳል። የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነውና ልጅ አዋቂው ወጥቶ ራሱን ሰጥቶታል። ከመለኪያው ፊት ደግሞ ሰልፍ አለ። ምእመናኑ አስበውበታል፤ መሬት ያልነካው፣ የሰው እጅ ያላቆሸሸው፣ በቄስ የሚጠበቀው ዕቃ ከዚህ ሌላ የታለ? ቄስ ሰይፈሥላሴ ከመለኪያው እየቀነሱ በየሰው መዳፍ ላይ ያፈሳሉ። ዝናቡ ሲሞላው እሳቸው ያጎድሉታል፤ ሲመሽ አንድ ጠብታ አልተረፈም። በማግሥቱ ጧት ቄሱ መዝገቡን ገልጠው በሚያምር እጃቸው "ዜሮ" ብለው ጻፉ።

"አባቴ፣ ይሄ እኮ የመንግሥት ዕቃ ነው" አላቸው ይሁኔ።

"ዕቃው የመንግሥት ነው። ዝናቡስ የማን ነው?"

"እሺ፣ ታዲያ ለምን ዜሮ ይላሉ? ሲዘንብ ዋለ እኮ!"

"ልጄ፣ እኔ መለኪያው ውስጥ ያገኘሁትን ነው የምጽፈው። ያላየሁትን ጻፉ ትለኛለህ? ቄስ እኮ ነኝ!"

ሪፖርት ቢያደርግ ቄሱ ይባረራሉ፣ መለኪያውም ይነቀላል። ደግሞ እሱም መዳፉን ዘርግቶ ጠጥቷል። ደብረ ብርሃን ተመልሶ አዛውንቱን ከፈተና አራት መስመር ጨመረበት፤ ያቺ ጣቢያ የጳጉሜን ሦስትን ዝናብ ዜሮ ካለች፣ የሁለቱን ጎረቤት ጣቢያዎች አማካይ ውሰድ። ለአቶ ፍቅረ ማርያም እንኳ አልነገራቸውም። "ለጊዜው ነው" አለ ለራሱ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላል የአገሩ ሰው። የይሁኔ ግን እያደር ከበደ። በ2006 ጳጉሜን ሦስት፣ በሰንበሌ ላይ ወርዶ የማያውቅ ዝናብ ወረደ። የወንዙን ከፍታ የሚለካውን እንጨት ጎርፉ ነቅሎ ወሰደው። ቄሱ እንደ ልማዳቸው ዜሮ ጻፉ። እንግዲህ ያ ትልቅ ጎርፍ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ያለው በነዚያ በአራቱ መስመሮች ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት ህሊና ለምሳ ስትወጣ ይሁኔ አራቱን መስመሮች ከፍቶ ተቀመጠ። ቢሰርዛቸው ማን ያውቃል? ቀዩ መስመር ይተኛል፣ ሁለቱ ይገጥማሉ፣ ደብዳቤው ይፈረማል። ህሊና ሥራዋን በጊዜው ጨርሳ ትመሰገናለች። ሳምሶን ለበላዮቹ "ጨረስን" ይላል። ሌላም ሰው አለ። አንዳርጌ የሚባል፣ ከወለጋ ተፈናቅሎ ከአርባ ሦስት አባወራ ጋር በመጠለያ የሚኖር ገበሬ፣ የሰፋሪዎቹ ተወካይ ሆኖ በየሁለት ቀኑ ይመላለሳል። ሰዎቹ ከወንዙ ዳር ያለውን ሜዳ ተስፋ ተሰጥቷቸዋል፤ የቀረው ጎርፍ እስከ የት እንደሚደርስ በፕሮግራሙ ሒሳብ መስመር ማስመር ብቻ ነው። ያ የ2006 ዝናብ ከሒሳቡ ከወጣ መስመሩ ከሜዳው በታች ይቀራል። ከገባ ግማሹን ሜዳ ይበላዋል። አንዳርጌ ደግሞ የሚለምነው ሜዳውን ነው። እንግዲህ ዓለም በሙሉ አራቱ መስመሮች እንዲጠፉ ይፈልጋል።

ሰረዛቸው። አስቀመጠና ዘጋው።

"ዛሬ ገጠመ!" አለች ህሊና ስትመለስ። ከዚያ ፊቷ ተጠራጠረ። "ትናንት ግን ይለያይ ነበር፤ ምን ነበር?"

"የዓምድ ስህተት" አላት። አዛውንቱን ስለምታውቀው አመነችው።

ዓርብ ነሐሴ ሠላሳ ሳምሶን ፈረመ፣ ማኅተሙ አረፈ። ይሁኔ ከግቢው ሳይወጣ ደወለ።

"እውነት ፈረመ?" አለች እማዋይሽ።

"በእጄ ነው።"

ሳቀች። እሱ ይህን ሳቅ ከሰማ ስንት ዓመቱ ነው? ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ቆሞ ሰማ።

ቅዳሜ ሊሄድ ተነሣ፤ መንገዱ ተዘግቷል። ከመናኸሪያው ሲመለስ ከአንዳርጌ ጋር ተገናኙ። አንዳርጌ የጎርፉ መስመር ከሜዳው በታች መቅረቱን ሰምቷል፤ ደስታው ያደናቅፈዋል። "ና ላሳይህ ወንድሜ፣ አንተ ነህ ያወጣኸን" ብሎ ይዞት ወደ ሰንበሌ ወረደ። ሜዳው ለምለም ነው። ሰዉ ችካል ተክሏል፣ ማገር ቆርጦ ከምሯል።

"ይሄ ቤቱ ነው" አለ አንዳርጌ ችካሎቹ መሐል ቆሞ። "ይሄ ማድቤቱ። በሩን ወደ ወንዙ አደረግሁት፤ ባለቤቴ ውኃ ማየት ትወዳለች። እዚያ አገራችን በራችን ወንዝ ነበር።"

"ውኃው እዚህ ደርሶ ያውቅ እንደሆን የአካባቢውን ሰው ጠይቃችኋል?" አለው ይሁኔ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

"አንድ ሽማግሌ ደርሷል አሉን። እኛ ግን ምን እንሰማቸዋለን? የመንግሥት ኮምፒውተር ዐውቆት የለ!"

ይሁኔ ተሰናብቶት ወደ ከተማ ተመለሰ። ደብዳቤው በደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። እሁድን ሳያመውም፣ ሳይተኛም፣ እንዲሁ ግድግዳ እያየ ዋለ። ቄስ ሰይፈሥላሴ ያዩትን ጽፈው ስህተት ሆነ፤ እሱ ያላየውን ጽፎ ወደ እውነቱ ቀረበ። አሁን ግን ሁለቱም ዜሮ ብለዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ ይህኛው እውነት እሱ ካልተናገረ የሚጠራው ወንዙ ማድቤት የገባ ዕለት ነው።

ሰኞ ጧት፣ ጳጉሜን ሦስት፣ ዝናቡ የመሥሪያ ቤቱን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። ይሁኔ ከህሊና ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። አልሳቀችም።

"አሁንም ይጠጡታል?" አለችው በመጨረሻ።

"ዛሬም እየጠጡ ነው።"

"ጋሼ፣ ዝም ቢሉ እኮ ማንም አያውቅም ነበር። እኔ ራሴ አምኜዎት ነበር።" ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ያሳዘናት ይሁኔ ይሁን መዋሸቱ፣ እሱ አልጠየቃትም። አብረው ወደ ሳምሶን ገቡ።

ሳምሶን አልጮኸም፤ ቢጮህ ደግ ነበር። እጁን ዘረጋ፤ ይሁኔ ደብዳቤውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠው።

"ጋሽ ይሁኔ፣ ሌላስ ምን ጨምረውበታል?"

"ሌላ የለም።"

"እንዴት ልመን? የሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ጣቢያ በጣቢያ፣ ቀን በቀን መጣራት አለበት። የአዛውንቱን ቋንቋ የሚያነብ ደግሞ…" ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ሦስቱም ያውቁታል። ይሁኔን የሚመረምረው ይሁኔ ነው፤ እስኪጨርስም ከወንበሩ አይነሣም። የአንኮበሩ ቦታ የሚጠብቀው ግን እስከ ረቡዕ፣ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ነው።

የህሊና አዲስ ፕሮግራም ከአዛውንቱ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ቁጥር የለወጠ ሰው ስሙንና ምክንያቱን ሳይጽፍ አያልፍም። ከሰዓት በኋላ አራቱን መስመሮች በአዲሱ ቋንቋ ጻፈቻቸው፤ ጠቋሚው ባዶ ቦታው ላይ ብልጭ ድርግም ሲል ላፕቶፑን ወደሱ አዞረችለት። ስም በሚለው ላይ "ይሁኔ ለተጊዮርጊስ" ብሎ ጻፈ። ምክንያት በሚለው ላይ ብዙ አሰበና "ዘንቧል፤ ሕዝቡ ጠጥቶታል" አለ። ከእንግዲህ በዚህ ቁጥር ጥያቄ ያለው ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው።

ለእማዋይሽ ማታውኑ ነገራት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ "እሺ" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

አዲሱ መስመር ግማሹን ሜዳ በላው። ሃያ አንድ አባወራ ወደ ላይ፣ ወደ ድንጋያማው ተረተር ተዛወረ። ከነሱ አንዱ አንዳርጌ ነው። የተከላቸውን ችካሎች ነቅሎ ተሸክሞ ሲወጣ ይሁኔ ከመንገድ አገኘው፤ አንገቱን እንኳ አልሰበረለትም። ይሁኔም አልፈረደበትም። ያልመጣን ጎርፍ ማን ያመሰግናል?

በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት፣ የ1999ን መዝገብ ዘርግቶ ጣቱን በዓምዶቹ ላይ እያስኬደ ሳለ እማዋይሽ ደወለች። በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅምና "እናትሽ?" አለ ደንግጦ።

"እናቴ ደህና ናት። አንዲት ልጅ መጥታለች፣ ፋና ትባላለች። የውኃ ልኬት ሠራተኛ ሆና ተመድባ ነው፤ ቤት አጥታ ዝናብ ሲመታት አገኘኋት።"

ይሁኔ ጣቱን ከመዝገቡ አነሣ።

"ያንተ ቦታ መሆኑን አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳት" አለች። "የፊት ለፊቷን ክፍል ሰጠኋት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ላንተ ብዬ በየቅዳሜው ስጠርጋት ኖርኩ። ባዶ ክፍል መጥረግ ሰለቸኝ፣ ይሁኔ።"

"ደግ አደረግሽ" አላት።